የጫማ ሰፊው ቤተ ሰብ ስንቅ

«ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ካንድ ባሕር የተቀዱት ሁለት ሰዎች ሌላ ባሕር መሻገር ግድ በሆነባቸው ጊዜ፥ አንደኛው «እግዚአብሔር ጠርቶኛል» ሲል ሁለተኛው «እኔን ግን አልጠራኝም» ያለ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? እምነት ያለው በሚሄደው ዘንድ ነውን ወይስ ለመቅረት በሚለምነው ዘንድ?

ስለ ውጭ አገር ሚሲዮናውያን የተጻፈውን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናገኘው በሄዱበት አገር የሠሩትን ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፥ ሐኪም ቤት አቆሙ፥ መጽሐፍ ተረጎሙ ይባላል። ከመሄዳቸው በፊት በገዛ ቤታቸው ጣራ ሥር የተደረገው ክርክር፥ የተለቀሰው ልቅሶና የተጸለየው ጸሎት ግን ከጥቂት መሥመር በላይ አይሰጠውም። እኛ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ይህንኑ ነው። ለምሳሌም የመረጥነው ከእንግሊዝ አገር ወደ ሕንድ የተሻገረውን የዊልያም ኬሪን ቤተ ሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርታው በጫማ መስፊያው ቤት

ዊልያም ኬሪ በ1761 ዓ.ም. በኖርዛምፕተንሻየር ግዛት ፖለርስፐሪ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኤድመንድ መጀመሪያ ሸማኔ፥ ኋላም የመንደሩ ልጆች አስተማሪ ነበር። ልጁ ለአንድ ጫማ ሰፊ ተሰጥቶ ሙያውን ተማረ። በ1781 ዓ.ም. ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ዶሮቲ ፕላኬት የምትባል የ25 ዓመት ሴት አገባ። ዶሮቲ ፊደል አልቆጠረችም ነበርና በጋብቻው መዝገብ ላይ በፊርማ ፈንታ ምልክት አደረገች።

ኑሯቸው የድኻ ኑሮ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው አን ሁለት ዓመት ሳትደፍን በንዳድ ሞተች። በ1785 ዓ.ም. ሞልተን ወደምትባል መንደር ተዛውረው ኬሪ በአንድ ጊዜ የሦስት ሰው ሥራ ይሠራ ጀመር፤ ጫማ ይሰፋል፥ ልጆች ያስተምራል፥ ለባፕቲስት ማኅበረ ምእመናን ይሰብካል። ሦስቱም ተደምረው ቤተ ሰቡን በቅጡ አያጠግቡም ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ላቲን፥ ግሪክና ዕብራይስጥ ያለ አስተማሪ ያጠና ነበር። የካፒቴን ኩክን የባሕር ጉዞ ታሪክ ካነበበ በኋላም ወረቀት በወረቀት ላይ ቀጥሎ የዓለምን ካርታ ሣለና በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ስለየአገሩ ያገኘውንም ወሬ በካርታው ላይ ይጽፍ ነበር። ወስፌውን እየወጋ ዓይኑ ወደ ካርታው ይሄድ ነበር።

ዶሮቲስ? ዶሮቲ ካርታውን ማንበብ አትችልም ነበር። ይህን ስንል እምነት አልነበራትም ማለታችን አይደለም። ከባሏ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ትጸልይ ነበር፤ በ1787 ዓ.ም. የተጠመቀችውም በገዛ ባሏ እጅ ነው። እምነቷ ግን የቤትና የመንደር እምነት ነበር። የታመመ ልጅ ሲያቅፉ፥ ዱቄቱ ሲያልቅ፥ ሕፃን ሲቀበር የሚጸናውን እምነት ታውቀዋለች። ስለ ቤንጋልና ስለ ታሂቲ ግን እግዚአብሔር ለእሷ የነገራት ነገር አልነበረም።

ስብሰባውና ገንዘቡ

በ1789 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ወደ ሌስተር ከተማ ተዛወረ። በ1792 ዓ.ም. ኬሪ ክርስቲያኖች ወንጌልን ወደ ሌላው ዓለም ለማድረስ ስላለባቸው ግዴታ የጻፈውን አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በስብከት ብቻ የተሞላ አይደለም፤ የየአገሩን ስፋት፥ የሕዝቡን ብዛትና ሃይማኖቱን በሠንጠረዥ ያሳያል። ጫማ ሰፊው እንደ አንድ የስታቲስቲክ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ ሠርቶታል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በኖቲንግሃም ከተማ ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ድንኳን መስፋት ከተናገረው ተነሥቶ ሰበከ።

ኦክቶበር 2 ቀን 1792 ዓ.ም. በኬተሪንግ ከተማ በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ጥቂት ሰባክያን ተሰብስበው የሚሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። ያዋጡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር፤ እሱም ቃል የተገባ እንጂ በእጅ የተቆጠረ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ቀድሞ በቤንጋል የነበረ ጆን ቶማስ የሚባል ሐኪም ወደ ሕንድ ለመመለስ ጓደኛ እንደሚፈልግ ተሰማ። በጃንዋሪ 1793 ዓ.ም. በኬተሪንግ በተደረገው ስብሰባ ኬሪ «እሄዳለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

በዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ኬሪ ቃሉን በሰጠ ጊዜ ዶሮቲ በስብሰባው ላይ አልነበረችም፤ በቤቷ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች።

እምቢታዋ

ባሏ ወደ ቤቱ ገብቶ ነገሩን በገለጠላት ጊዜ ዶሮቲ እምቢ አለች። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እምቢታ የደካማ ሴት እምቢታ አድርገው አሳልፈውታል። እኛ ግን ምክንያቶቿን አንድ በአንድ ብንቆጥር ሌላ ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፥ ሁለት ሴቶች ልጆች ቀብራለች። በእጇ ያሉት ሦስት ወንዶች ልጆች ፌሊክስ፥ ዊልያምና ፒተር ገና ትንንሾች ናቸው፤ አራተኛው በማሕፀንዋ ነው። ሁለተኛ፥ ጉዞው በመርከብ ወራት የሚፈጅ ነው፤ ሕንድም የአውሮፓን ሰው በንዳድና በተቅማጥ የሚፈጅ አገር መሆኑ የታወቀ ነበር። ሦስተኛ፥ በፌብሩዋሪ 1793 ዓ.ም. ፈረንሳይ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስላወጀች ባሕሩ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። አራተኛ፥ የሕንድን ንግድ የያዘው የእንግሊዝ ኩባንያ ያለ ፈቃድ ማንም በግዛቱ እንዲገባ አይወድም፤ ለሚሲዮናውያን ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። እንግዲህ ዶሮቲ እንድትሄድ የተጠየቀችው ያለ ፈቃድ፥ ያለ በቂ ገንዘብ፥ በጦርነት መካከል፥ ከአራስ ልጅ ጋር ነው። የኬሪ አባት እንኳ የልጁን አሳብ እንደ እብደት ቈጥሮት ነበር።

ይህች ሴት እምቢ ብትል ምን ያስደንቃል? የሚያስደንቀው ሌላው ነገር ነው። ባልዋን እንዳይሄድ አሥራ አልያዘችውም። ኬሪ ታላቁን ልጁን ፌሊክስን ብቻ ይዞ ይሄድ ዘንድ፥ ስፍራው ከተደላደለ በኋላም ተመልሶ ሌሎቹን ይወስድ ዘንድ ተስማሙ። እሷም ወደ ትውልድ ቀበሌዋ ወደ ፒዲንግተን ሄዳ ከእኅቷ ከካትሪን ጋር ተቀመጠች። ገና ስምንት ዓመት ያልሞላውን የበኩር ልጅ ወደማይታወቅ አገር ለመላክ እሺ ያለች እናት እምነት የላትም የሚል ሰው ቢኖር፥ እሱ ልጅ ያላሳደገ ሰው ነው።

የኬሪም ልብ ከድንጋይ የተሠራ አልነበረም። በኤፕሪል ወር ከቶማስና ከፌሊክስ ጋር «ኧርል ኦፍ ኦክስፎርድ» በምትባለው መርከብ ተሳፈረ፤ ነገር ግን በጦርነቱ ምክንያት መርከቦች ያለ አጃቢ አይሄዱም ነበርና በዋይት ደሴት አጠገብ ለሳምንታት ቆሙ። በዚያ ሳሉ ዶሮቲ ወንድ ልጅ መውለዷ በደብዳቤ ተነገረው። ኬሪ ለሚስቱ በጻፈው መልስ፥ ዓለሙ ሁሉ የሱ ቢሆን እሷና ልጆቹ አብረውት ይሆኑ ዘንድ በደስታ እንደሚሰጠው፥ ዳሩ ግን የግዴታው ስሜት ከሌላው አሳብ ሁሉ ስለበለጠበት ወደ ኋላ ሊመለስ እንደማይቻለው ገለጠላት። ይህ ሰው ቤተ ሰቡን ንቆ አልሄደም። ሁለት ግዴታ ተጋጭቶበት አንዱን መርጦ ሄደ።

በአንድ ቀን የተሰናዳ ጓዝ

ከዚህ ወዲያ ያልታሰበ ነገር መጣ። ፈቃድ የሌለው ሰው ጭነሃል የሚል ስሙን ያልገለጠ ሰው ደብዳቤ ለመርከቡ አለቃ ደረሰው፤ ቶማስም በብዙ ዕዳ የሚፈለግ ሰው ነበር። አለቃው ፈርቶ ኬሪን፥ ፌሊክስንና ቶማስን ከነጓዛቸው አወረዳቸው። የቶማስ ሚስትና ልጅ ግን በዚያችው መርከብ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ኬሪ መርከቦቹ ሲሄዱ ከዳር ቆሞ አየ።

ሁለቱ ሰዎች ወደ ሎንዶን ተመልሰው ሌላ መርከብ ሲፈልጉ አንድ የዴንማርክ መርከብ ወደ ቤንጋል እንደሚሄድ በአንድ ቡና ቤት ወሬ አገኙ። ዋጋው ለአንድ መንገደኛ 100 ፓውንድ፥ ለሕፃን 50፥ ለአገልጋይ 25 ነበር። የዴንማርክ መርከብ የእንግሊዝ ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ በአንድ በር የተዘጋው በሌላ በር ተከፈተ። ዶሮቲም ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበርና ኬሪና ቶማስ ሌሊቱን በሠረገላ ሲጓዙ አድረው ማለዳ ከደጇ ደረሱ።

ዶሮቲ ሰማች፤ አሁንም እምቢ አለች። ሁለቱ ሰዎች ተሰናብተው ወጡ። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ግን ቶማስ ብቻውን ተመለሰና አብራ ካልሄደች ቤተ ሰቡ ምናልባት ለዘለዓለም ተለያይቶ እንደሚቀር፥ እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ እንደምትጸጸት ደጋግሞ ነገራት። ይህ ቃል ስላስፈራት በቤቷ መቅረትን እንደ ሠጋች ኋላ ራሷ ነግራዋለች። እኅቷ ካትሪን አብራት ከሄደች እሄዳለሁ አለች። ካትሪንም ወደ ሰገነቱ ወጥታ ለጥቂት ጊዜ ጸለየችና ወርዳ «እሄዳለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። ዕቃው ተሸጠ፥ ልብሱ ተጠቀለለ፥ የጎደለው ገንዘብ በብድር ተፈለገ። ባንድ ቀን ውስጥ ተሰናድተው ተነሡ። ጁን 13 ቀን 1793 ዓ.ም. ኬሪ፥ ዶሮቲ፥ አራቱ ልጆች፥ ካትሪንና ቶማስ፥ በድምሩ ስምንት ነፍስ ሆነው ከዶቨር ወደብ ተሳፈሩ። ጃቤዝ የተባለው አራስ ገና የስድስት ሳምንት ልጅ ነበር።

ለእምነት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህ የድል ቀን ነው። እኛም አልደነቀንም አንልም። ነገር ግን ይህን ስንቅ ጠጋ ብለን ብንመረምረው አንድ የጎደለ ነገር እናገኝበታለን። ኬሪ ለዚህ ጉዞ ሲሰናዳ ዓመታት ቆይቷል፤ ካርታ ሥሏል፥ ቋንቋ ተምሯል፥ መጽሐፍ ጽፏል፥ ከወዳጆቹ ጋር ተማክሯል። ዶሮቲ የተሰጣት ጊዜ አንድ ማለዳ ነው። ኬሪ የሄደው ስለ ተጠራ ነው፤ እሷ የሄደችው መቅረቱ ስላስፈራት ነው። ሁለቱም ባንድ መርከብ ተሳፈሩ እንጂ ባንድ እምነት አልተሳፈሩም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን የፈሰሰው ተመልሶ የሚለቀም ዓይነት አልነበረም።

ፍሬውና ዋጋው

በኖቬምበር 1793 ዓ.ም. ካልካታ ደረሱ። ይዘውት የመጡት ገንዘብ ቶሎ አለቀ። በ1794 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሰንደርባንስ ረግረግ ወረዱ፤ ዶሮቲና ፌሊክስ በተቅማጥ ታመሙ። በዚያው ዓመት ኬሪ በሙድናባቲ የኒል ቀለም ፋብሪካ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ካትሪን በሕንድ ካገኘችው አንድ እንግሊዛዊ ጋር ተጋብታ ከእኅቷ ተለየች፤ ዶሮቲን ከቤቷ ያወጣት ምርኩዝ በዚህ ተወሰደባት። በኦክቶበር ወር የአምስት ዓመቱ ፒተር ሞተ። በአገሩ የዘር ልማድ ምክንያት መቃብር የሚቆፍርና ሬሳውን የሚሸከም ሰው ማግኘት እንኳ ለወላጆቹ ጭንቅ ሆነባቸው።

ከ1795 ዓ.ም. ጀምሮ የዶሮቲ አእምሮ ታወከ። ባልዋን በሌለ ነገር ትጠረጥረውና በሰው ፊት ትከሰው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም በክፍል ውስጥ ተዘግቶባት ትውል ነበር። ኬሪ በአንዱ ክፍል የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙን ሲሠራ የሚስቱ ጩኸት ከሚቀጥለው ክፍል ይሰማ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆይታ ዲሴምበር 8 ቀን 1807 ዓ.ም. በሴራምፖር ዐረፈች።

የኬሪ ሥራ ግን ፍሬ አፈራ። በ1800 ዓ.ም. በዴንማርክ ግዛት ሥር ወደ ነበረችው ወደ ሴራምፖር ተዛውሮ ከጆሹዋ ማርሽማንና ከዊልያም ዋርድ ጋር ማተሚያ ቤት አቆመ። በ1801 ዓ.ም. የቤንጋሊ ቋንቋ አዲስ ኪዳን ታተመ፤ በዚያው ዓመት በካልካታው የፎርት ዊልያም ኮሌጅ የቤንጋሊ አስተማሪ ሆነ። በ1818 ዓ.ም. የሴራምፖር ኮሌጅ ተመሠረተ። በ1829 ዓ.ም. ሚስት ከሞተ ባሏ ጋር በእሳት የምትቃጠልበትን ልማድ የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ ወደ ቤንጋሊ የተረጎመው ኬሪ ነው። በ1834 ዓ.ም. እዚያው በሴራምፖር ሞተ፤ ወደ እንግሊዝ አገር ከቶ አልተመለሰም።

ልጆቹም ቢሆኑ ከአባታቸው መንገድ አልራቁም። ፌሊክስ በ1807 ዓ.ም. ወደ በርማ ሄደ። ዶሮቲ በሦስት ሳምንቱ አቅፋው ከቤቷ የወጣችው ጃቤዝ በ1814 ዓ.ም. ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ አምቦይና ደሴት ተላከ። ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ አንዳንዱ «ታዲያ መሄዷ አልበጀምን?» ይል ይሆናል። እኛ ፍሬውን አንክድም። የፍሬው ታላቅነት ግን የተከፈለውን ዋጋ ከመዝገቡ አይፍቀውም። ለብዙ ዘመን የዶሮቲ ስም በባሏ ታሪክ ውስጥ እንደ እንቅፋት እየተቈጠረ ሲነሣ ኖሯል፤ ጄምስ ቤክ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ስለ እሷ ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ያወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው።

በዚያው በሴራምፖር አጠገቧ ሌላ ሚስት ነበረች። ሐና ማርሽማን በ1799 ዓ.ም. ከባልዋ ከጆሹዋ ጋር መጥታ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ያለ ተቈጣጣሪ የቀሩትን የኬሪን ልጆች እንደ እናት ትመክርና ትገሥጽ ነበር፤ እስከ 1847 ዓ.ም. በሕይወት ኖረች። ሐና የምታነብ፥ የምታስተምርና የራሷ ሥራ ያላት ሴት ነበረች። በሕንድ የምትሠራው ነገር ነበራት። ለዶሮቲ ግን ከመከተል በቀር ሥራ ያዘጋጀላት ሰው አልነበረም። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለውን ልዩነት በእምነት ብዛትና ማነስ ብቻ መለካት ለእኛ ትክክል አይመስለንም።

ለዛሬው ቤት

ዛሬ ነገሩ በብዙ ተሻሽሏል። ሰው ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ልዩ ልዩ የሚሲዮን ማኅበሮች ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ይጠይቃሉ፤ የጤና ምርመራ ያደርጋሉ፤ ለልጆች ትምህርት ያስባሉ፤ ቋንቋውንም ሁለቱም እንዲማሩ ያደርጋሉ። እኛም አገር ሚሲዮናዊ ሲቀበሉ ብቻ የኖሩት አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ ከራሳቸው ልጆች መርጠው ወደ ሌላ አገር ይልካሉ። ስለዚህ የኬሪ ቤት ጥያቄ የባዕድ ጥያቄ አይደለም፤ በአዲስ አበባም በወላይታም ሻንጣውን በሚያዘጋጅ ቤተ ሰብ ውስጥ ይነሣል።

ነገሩ ለሰባክያን ብቻም አይደለም። ከተማሪ ቤት ወጥቶ ወደ ሩቅ ክልል የሚመደብ ሐኪም፥ ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ወጣት፥ በሌላ አገር ለመሥራት የተመረጠ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን በር ያንኳኳል። አንዳንዱ ሹመቱን ለወዳጆቹ ካበሠረ፥ ወረቀቱን ከፈረመና የጉዞውን ቀን ከቈረጠ በኋላ ለሚስቱ ይነግራታል። እሷ ዝም ስትል እንደ ተስማማች ይቈጥረዋል፤ ስታለቅስ ደግሞ የሴት ልማድ ነው ይላል። ዝምታም ልቅሶም ግን ስምምነት አይደሉም።

እኛ ጋብቻን ገና ያልቀመስን ወጣቶች በዚህ ነገር ብዙ ልንናገር አይገባን ይሆናል። ሆኖም ከኬሪ ቤት ታሪክ ሦስት ነገር ተምረናል። የመጀመሪያው፥ ጥሪ ለአንዱ በመጣ ጊዜ ለሌላው ጊዜ መስጠት ነው፤ ባል ዓመታት ያሰበበትን ነገር ሚስት ባንድ ማለዳ እንድትቀበለው መጠየቅ ፍርድ አይደለም። ሁለተኛው፥ እምቢታን እንደ ክሕደት አለመቊጠር ነው፤ «ልጄ ታሟል፥ ገንዘቡ አይበቃም፥ መንገዱ አያስተማምንም» የሚል ሰው እውነት ይናገር ይሆናልና። ሦስተኛው፥ ለሚከተለውም ሰው የራሱን ሥራ ማዘጋጀት ነው፤ ሥራ የሌለው ሰው በባዕድ አገር ናፍቆቱን ሲቈጥር ይውላል።

ኬሪ ታላቅ ሰው ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። የዶሮቲ እምነት ደግሞ ሁለት ጊዜ «እምቢ» ብሎ በሦስተኛው እየፈራ የሄደ እምነት ነው። በጸሎት ቤት ስለ ሚሲዮናውያን ሲጸለይ በአደባባይ ቆመው «እሄዳለሁ» ያሉት ይታሰባሉ። እኛ ደግሞ በጓዳ ሆነው ጓዙን የጠቀለሉት፥ ሕፃኑን ያዘሉትና ለምን እንደሚሄዱ ማንም በቅጡ ያልጠየቃቸው አብረው እንዲታሰቡ እንለምናለን።